ጨው የሚቀምስ የጠፋበት የገና ዋዜማ

እኔ ብዙ መናገር አልወድም። ባለቤቴ «ያንቺ ንግግር እንደ ቴሌግራም በቃል የሚከፈልበት ይመስላል» ይለኛል። የዘጠና ዓመተ ምሕረት ገና ግን በቴሌግራም የሚያልቅ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ እንደ ልቤ ላውራ፤ እናንተም ታገሡኝ።

በዚያ ዓመት ጾመ ነቢያትና ሮመዳን ገጠሙ። እኛ ጾማችንን ልንጨርስ ጥቂት ቀን ሲቀረን የጎረቤቴ የዘሃራ ጾም ከገባ ሳምንት ሆኖት ነበር። ዘሃራ የስልጤ ልጅ ናት፤ ጉርድ ሾላ ዋናው መንገድ ላይ ሱቅ አላት። የእኛን ግቢና የእሷን ግቢ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። አጥሩ ላይ ሰሐን የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለ። ማን እንደ ቀደደው አይታወቅም፤ ሁለታችንም አንጠይቅም።

በዚያ ላይ ገና ረቡዕ ዋለ። ገና ረቡዕ ሲውል ፍስክ ነው፤ በእሱ ፋንታ ዋዜማው ጋድ ሆኖ ይጾማል። ማክሰኞ ዕለት እንግዲህ ከአጥሩ ወዲህም ከአጥሩ ወዲያም አፍ ሁሉ ተዘግቶ ነበር ማለት ነው። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ።

አሁን ስለ አማቴ ልንገራችሁ። እማማ የሺ ከቡልጋ የመጡት ከገና አምስት ቀን ቀደም ብለው ነው። ባላቸው ባለፈው ዓመት ዐርፈው ብቻቸውን ቀርተዋል። ባለቤቴ «ከእኛ ጋር ኑሪ» ብሎ ስንት ጊዜ ለምኗቸዋል። መልሳቸው አንድ ነበር። «ለገና እመጣለሁ፤ ሐሙስ እመለሳለሁ።»

እኔ እንዲቀሩ እፈልግ ነበር። ሰዎች ይህን ስናገር አያምኑኝም። አማት እንድትቀር የምትመኝ ምራት እንደ ሰኔ ፀሐይ ናት፤ ብትወጣም ማንም ልብሱን አያሰጣባትም። እኔ ግን እናቴን ገና በልጅነቴ ነው ያጣሁት። ቤቴ ውስጥ አሮጊት ሳል ሲሰማ ደስ ይለኛል። ደግሞም እማማ የሺ የሚደነቁ ሰው ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸው ያለ መነጽር መርፌ ውስጥ ክር ያሾልካሉ። ሲጸልዩ የሚለምኑት ለሰው ነው፤ ለራሳቸው ሲደርስ «የኔን አንተ ታውቃለህ» ብለው ያልፉታል።

ችግሩ ሥራ ነበር። እዚህ ውሃው ከቧንቧ ይመጣል፤ ጤፉ ወፍጮ ቤት ይሄዳል፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይውላሉ። በሦስተኛው ቀን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው «ታዲያ ልጄ፣ እናንተ ከተሜዎች ሰው የምትፈልጉት ለምንድን ነው?» አሉኝ። በኋላ ባለቤቴን ለብቻው ጠርተው «ያለ ሥራ የተቀመጠ ሰው እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ይሄዳል» እንዳሉት ነገረኝ።

እኔም አንድ ዘዴ አሰብኩ። የገናን ዶሮ አብረን እንሠራለን፤ እጃቸው ሥራ ሲነካ ልባቸው ይቀመጣል አልኩ። ጥሩ ዘዴ ነበር። ታዲያ ምን አደረግሁ? እንዳይደክሙብኝ ብዬ ማለዳ ተነሥቼ ሽንኩርቱን ሁሉ ላጥኩ፤ ከተፍኩ፤ ጣድኩ። እሳቸው ሲነሡ የቀረ ነገር የለም። ሰው እንዲያግዝሽ ጠርተሽ ሥራውን ቀድመሽ መጨረስ እንደኔ ላለች ሞኝ ብቻ የተሰጠ ጸጋ ነው።

ዱካ አምጥቼ ማእድ ቤት አስቀመጥኳቸው። ዶሮውን ስገነጣጥል ዐይናቸው ከእጄ ላይ አይነሣም። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ጸሎት መስሎኝ ነበር። ለካ ብልት እየቆጠሩ ነው። ዐሥራ ሁለት ላይ ሲደርሱ አማተቡ። እኔም በልቤ ተመስገን አልኩ።

ብልቶቹን በሎሚና በጨው ዘፍዝፌ፣ ቁሌቱ ላይ ቅቤውን ጨምሬ፣ በስምንት ሰዓት ገደማ ሁሉም ነገር እንደ መዝሙር ይሄድ ነበር። ቁሌቱ ቀልቶ፣ ቅቤው አናቱ ላይ ወጥቶ ሲያዩት ያሳሳል። ዶሮውን አጥቤ ገባሁና የመጀመሪያውን ብልት ላስገባ ስል ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ «ጨው እንዳትጨምሪ፤ እኔ ጨምሬልሻለሁ» አለኝ።

ብልቱ እጄ ላይ ቀረ። ባለቤቴ በትዳራችን ዘመን ማእድ ቤት የገባው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ክብሪት ሲፈልግ፣ አንዴ ቤት የተቃጠለ መስሎት።

«ምን አደረግህ?»

«ጨው ጨመርኩ። ቅድም ወጣ ስትሉ። ላግዝሽ ብዬ ነዋ።»

«አንተ?» አሉ እማማ የሺ ከዱካቸው ተነሥተው። «እኔስ ታዲያ ምን ጨመርኩ?»

«እርስዎም ጨምረዋል?» አልኩ።

«በባዶ እጄ ከምቀመጥ ብዬ...»

«እኔም እኮ ጨምሬያለሁ» አልኩ።

ሦስታችን ድስቱን ከበን ቆምን። ድስቱ ምንም እንዳልሰማ ቱክ ቱክ ይላል።

«በምን ለክተህ ጨመርክ?» አልኩት ባለቤቴን።

«በማንኪያ።»

«የትኛው ማንኪያ?»

ጭልፋውን ብድግ አድርጎ አሳየኝ። እማማ የሺ የእመቤታችንን ስም ጠሩ።

«ግን...» አለ እሱ ፊታችንን አይቶ፤ «የትኛው ድስት እንደሆነ እንጃ። ክዳን ያለው ነው።»

ምድጃው ላይ ሁለት ድስት ነበር፤ ቁሌቱና ዕንቁላሉ የሚቀቀልበት ውሃ። ሁለቱም ክዳን አላቸው። እንግዲህ ወይ ወጡን አበላሽቷል ወይ ዕንቁላል ቅቀላ ላይ ባሕር ፈጥሯል።

እኔም ራሴን መረመርኩ። ጨውን ከቆርቆሮው በመዳፌ ዘግኜ ነበር። ያን ጊዜ ዘሃራ በአጥሩ ጠራችኝና ወጣሁ። ስመለስ መዳፌ ባዶ ነው። ያ ጨው ወይ ድስት ውስጥ ገብቷል፤ ወይ ዘሃራን ስጨብጥ ረግፏል።

እማማ የሺ ግን ወደ ዱካቸው ዞረው አዩ። ድስቱን አዩ፤ የጨውን ቆርቆሮ አዩ፤ እጃቸውን አዩ። «ጨምሬ ነው? ወይስ ልጨምር አስቤ ነው የተቀመጥኩት?» አሉ ለራሳቸው። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አየሽ ልጄ፤ ከዱካው እስከ ምድጃው ሁለት እርምጃ ነው። እሱን እንኳ ማስታወስ አቃተኝ። እንዲህ ያለ ሰው የሰው ቤት ተቀምጦ ወጥ ከማበላሸት በቀር ምን ይረባል? ሐሙስ በጠዋት መናኸሪያ አድርሱኝ» አሉ።

ቅድም «ሐሙስ እመለሳለሁ» ሲሉ ኩራት ነበረበት። ይኼኛው ሐሙስ ግን ፍርሃት ነበረበት። ወጡስ ገደል ይግባ። እኚህ ሴት «አእምሮዬ አለቀ» ብለው ባዶ ቤታቸው ሊመለሱ ነው። እውነቱ መታወቅ አለበት። እውነቱ ደግሞ ያለው ድስቱ ውስጥ ነው፤ የሚቀምሰው ምላስ ከተገኘ።

የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ በጾም የፍስክ ወጥ ስንሠራ አንቀምስም። በመዓዛው ነው የምናውቀው። እማማ የሺን ግን ጉንፋን ይዟቸዋል። የእኔ አፍንጫ ማለዳ ሽንኩርቱ ላይ ተሠውቷል። ባለቤቴ «ቀምሶ መትፋትስ?» አለ። እናቱ አፍጥጠው ሲያዩት ያለውን በሳል ሸፈነው።

ልጆቹን ጠራሁ። ትንሿ ማርታ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከጀመረች ሁለተኛ ጾሟ ነበር። ማንኪያውን ስታይ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። «እማዬ! ዛሬ ጋድ መሆኑን ረሳሽው? ለንስሐ አባታችን ነው የምናገረው!» አለችኝ። ወንድሟ ደግሞ ከአጠገቧ ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል፤ ሁለት ዳኞች። ያሳደግኋቸው እኔ ነኝ፤ ለማን አቤት እላለሁ?

ሰላም ትዝ አለችኝ። ሰላም የኋላ ክፍላችንን የተከራየች ነርስ ናት፤ ጴንጤ ናት፤ የእኛ ጾም አይመለከታትም። በማንኪያ ይዤላት ሄድኩ። በሩን ስትከፍት ዐይኗ በርቶ ሽታውን በረጅሙ ሳበችው፤ ከዚያ ዐይኗን ጨፈነች።

«ጌታ ይባርክሽ እትዬ፤ ዛሬ ግን አልችልም። ቤተ ክርስቲያናችን የሦስት ቀን ጾም ጸሎት አውጃ የመጨረሻው ቀን ነው።»

«ዛሬ?»

«ዛሬ። እትዬ፣ ማንኪያውን ትንሽ ራቅ ታደርጊልኛለሽ?»

ቀጥሎ ጋሽ በየነ ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ በየነ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። በሁዳዴ መገናኛ ክትፎ ቤት ሲገባ ያላየው የሰፈር ሰው የለም። እሱም አይደብቅም፤ «እግዜር የሹፌርን ሆድ ያውቃል» ይላል። እንዲህ ዓይነት ሰው ለክፉ ቀን ይሆናል ብዬ በሩን አንኳኳሁ።

«ጋሽ በየነ፣ የዚችን ጨው ቅመስልኝ።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «እኔን ምን አድርገሽ ነው የቆጠርሽኝ?»

«ኧረ እኔ...»

«ዛሬ የገና ጋድ ነው! እናቴ ስትሞት ያስማለችኝ ለዚች አንድ ቀን ነው። ከዓመት እስከ ዓመት እበላለሁ፤ ጋድን ግን ተሳቢ መኪና ቢወጣብኝ አልበላም!»

ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ። መንገድ ላይ ማንኪያዬን ይዤ ቆሜ ሳቄ መጣ። ሌላ ጊዜ «ዘመኑ ከፋ፤ ሰው እግዚአብሔርን ረሳ» እያልኩ አማርራለሁ። እነሆ አንድ ጠብታ ወጥ ይዤ ሰፈር አቋርጬ የሚቀምስ አንድ ኃጢአተኛ አጣሁ! ከንዴቴ ይልቅ ኩራቴ በለጠ። ሰፈሬን እንደዚያ ቀን አድንቄው አላውቅም።

በመጨረሻ ወደ ቀዳዳዬ ሄድኩ። «ዘሃራ!»

«ወዬ!» ብላ ብቅ አለች። እጇ ሊጥ በሊጥ ነው። ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ የሦስት ዓመት ልጇን ፎዚያን አቅፋ አመጣችና «ይቺ አትጾምም» አለችኝ። በጣቴ ጫፍ አቀመስኳት። ፎዚያ ለአፍታ አሰበች። ቀጥሎ ጩኸቷ እስከ ሳሊተ ምሕረት ሳይሰማ አልቀረም። በርበሬው ነው። በርበሬ ያልለመደ ምላስ ስለ ጨው ምስክር አይሆንም።

ዘሃራ ልጇን ውሃ እያጠጣች «ሥጋው ገብቷል?» አለችኝ።

«አልገባም። እጄ ላይ ነው የቀረው።»

«እንግዲያው አታስገቢው። ቁሌት ብቻ ከሆነ ለእኔም ይሆናል። አዛን ሲል፣ ተምሬን ጎርሼ እመጣለሁ፤ እኔ እቀምስልሻለሁ።»

እዩልኝ ይቺን ሴት! ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳትጠጣ ውላ፣ ሾርባዋንና ልጆቿን ትታ የጎረቤት ጨው ልታጣራ። «አይሆንም፣ መጀመሪያ ብዪ» አልኳት። «ወላሂ መጀመሪያ እዚያ ነው የምመጣው። ሳትነግሪኝ ኖሮ በሰላም እበላ ነበር፤ አሁን ነግረሽኝ እንዴት ይውረድልኝ?» አለች።

እሳቱን አጥፍተን ተቀመጥን። ዐሥራ ሁለቱ ብልቶች በሎሚ ውሃ ውስጥ፣ እኛ ግቢው ውስጥ፣ ሁላችንም መግሪብን እንጠብቃለን።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እማማ የሺ ዱካቸውን አጥሩ ሥር አስጠጉ። «አሁን ነው?» ይላሉ። «ገና ነው እማማ።» ትንሽ ቆይተው «አላለም?» «አላለም።» ከቤተ ክርስቲያን በኩል ድምፅ ማጉያው የዋዜማውን መዝሙር ይለቃል፤ ባለቤቴ ሬዲዮ ከፍቷል፤ ልጆቹ ያጨበጭባሉ። ድንገት እማማ የሺ እጃቸውን አነሡ።

«ጸጥ በሉ እስቲ! አዛኑ ሊያመልጠን ነው!»

ባለቤቴ ሬዲዮውን ዘጋ፤ ልጆቹም ማጨብጨባቸውን ተዉ። እሳቸውም የተናገሩትን ሰሙትና አማተቡ። «ይቅር በለኝ፤ በልደትህ ዋዜማ» አሉ። ጆሯቸውን ግን ከአጥሩ አላነሡም።

ከዚያ ከሩቅ አዛኑ መጣ። ባለቤቴ እሳቱን ለኮሰ። ዘሃራ በአጥሩ ቀዳዳ ልትገባ ምንም አልቀራትም፤ በበሩ ዞራ ስትደርስ ተምሩ ገና ጉንጯ ውስጥ ነበር። ትኩሱን ቁሌት መዳፏ ላይ ጠብ አደረግሁላት። እማማ የሺ ነጠላቸውን ጨብጠው ፊቷን ያያሉ። እኔ የምጸልየው ምን ብዬ እንደሆነ አላውቅም፤ ጨው እንዲኖረው ነው ወይስ እንዳይኖረው?

ዘሃራ ቀመሰች። ዐይኗን ጨፈነች። ትከሻዋ ወደ ላይ ወጣ።

«ኧረ በአላህ!» አለች። «ይሄ ወጥ ነው ወይስ አሞሌ? ውሃ ስጡኝ!»

ባለቤቴ ግንቡን ተደገፈ። ዞር ስል ግን እማማ የሺ ቆመዋል፤ ፊታቸው በርቷል።

«በጣም በዝቷል?»

«በጣም እማማ!»

«የሁለት ሰው ነው ወይስ የሦስት? አጣጥመሽ ንገሪኝ።»

ዘሃራ እኔን አየችኝ። እኔ ምን እላለሁ? እንደገና ጠብ አደረግሁላት። እንደገና ቀመሰች፤ ፊቷ ተጨማደደ። «ሁለት ሰው እንዲህ አያደርግም። ሦስት ነው» አለች።

«ተመስገን!» አሉ እማማ የሺ። «ጨምሬያለሁ! አልረሳሁም! አላልኳችሁም?» እልል አሉ። የገና ዶሮው ቁሌት ጨው በዛበት ተብሎ እልል የተባለበት ቤት ከእኛ በፊት መኖሩን እንጃ። ባለቤቴም የእናቱን ፊት አይቶ «የኔም ገብቷል ማለት ነው!» ብሎ ሊኮራ ሞከረ። ጭልፋውን ከእጁ ቀማሁት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ማየት ነበረባችሁ። እማማ የሺ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። «ጨው በዛ ብሎ ማልቀስ የለም፤ ጨው ሲበዛ ወጥ ይበዛል» አሉ። ቁሌቱን ለሁለት ድስት ከፈሉት። ዘሃራ ሱቋን አስከፍታ ሽንኩርት አስመጣች፤ ከጓሮዋም አንድ አውራ ዶሮ ይዛ መጣች። ባለቤቴ እንዳረደው እማማ የሺ ገነጣጠሉት። እጃቸው ሲሠራ ዐይን አይከተለውም። እኔ የላጥኩት ሽንኩርት የእሳቸው አጠገብ ሲቀመጥ የተማሪ ጽሕፈት መሰለ። «አንቺ ቁጭ በዪ» አሉኝ። ዱካው ላይ ቁጭ አልኩ። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ሳያቸው፣ አምስቱን ቀን ምን እንደተሰማቸው ያኔ ገባኝ።

ዶሮው ሊገባ ሲል «ቆዩ» አሉ። ካስተካከሉት ቁሌት በትንሽ ድስት ቀነሱ፤ አምስት የተቀቀለ ዕንቁላል ጨመሩበት። «ይኼ ሥጋ አልነካውም። ለዚያች ልጅ ለማፍጠሪያዋ ይሁን» አሉ። ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር። ሃያ ዓመት ቢሰጠኝም የማስበው አይመስለኝም።

ገና ጠዋት ከቅዳሴ ስንመለስ ለአንድ ቤተሰብ የታሰበው ወጥ ሁለት ድስት ሞልቶ ጠበቀን። ሰላምን ጠራን፤ ጋሽ በየነንም ጠራን። ጋሽ በየነ ሦስተኛ እንጀራው ላይ «ታዲያ ትናንት ይቺን ነው ያላስቀመስሽኝ?» አለኝ። አራተኛ እንጀራ ጨመርኩለት። ጨዉ ልክ ነበር።

ቀትር ሲያልፍ ባለቤቴ እንደ ፈራ ሰው ተቀመጠና እናቱን «እማዬ፣ እንግዲህ ስለ ነገው አውቶቡስ...» አለ። ገና ሳይጨርስ ከአጥሩ ድምፅ መጣ።

«እማማ የሺ! ኧረ እማማ! የአጃ ሾርባዬ ጨው ጠፋብኝ መሰለኝ፤ ሥጋ አልገባበትም፤ ብቅ ቢሉልኝ?»

እማማ የሺ ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ከመደርደሪያው አንድ ማንኪያ መርጠው በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉ።

«ምን አልከኝ ልጄ?»

«ነገ ሐሙስ ነው፤ አውቶቡሱ በጠዋት...»

«ነገማ የምስር ሳምቡሳ ነው የምትሠራው» አሉት፤ በሩ ላይ ደርሰዋል። «ጾመኛ ናት እኮ፤ ማን ሊቀምስላት ነው?»